ዝርግ መሬት ለብስክሌተኛ ይቀላልን? ነፋስ፣ ጠጠርና የድሬንተ ጥንታዊ ድንጋዮች

በኔዘርላንድስ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው የድሬንተ ክፍለ ሀገር ለብስክሌት ጉዞ ተብሎ የተደለደለ ይመስላል። ከኤመን ከተማ እስከ ግሮኒንገን የሚዘልቀው፣ ሆንድስሩግ እየተባለ የሚጠራው ረጅም ጉብታ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ቢኖረውም ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ከጥቂት አሥር ሜትሮች አያልፍም፤ በእኛ አገር ቢሆን ኮረብታ ብሎ የሚጠራው ሰው አይገኝም ነበር። በእርሻዎችና በቁጥቋጦ በተሸፈኑ ገላጣ ሜዳዎች መካከል የአሸዋና የጠጠር መንገዶች ያልፋሉ። በየመንገዶቹ አቅራቢያም ሁነቤድ የተባሉት፣ ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የድንጋይ መቃብሮች ይገኛሉ።

ወፈር ያለ ጎማ በተገጠመለት ብስክሌት በእንዲህ ዓይነቱ ፒስታ መንገድ ላይ ረጅም ጉዞ ማድረግ ባለፉት ዓመታት በአውሮፓና በአሜሪካ እጅግ የተስፋፋ ስፖርት ሆኗል። የድሬንተን መንገድ በካርታ ላይ የተመለከተ ሰው «ዳገት የለ፣ ቁልቁለት የለ፤ ምን ያደክማል?» ማለቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ዳገት በሌለበት አገር ብስክሌተኛውን የሚያስቸግሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው አየር፣ ሁለተኛው መሬቱ ራሱ።

ስሌቱን ከመጀመራችን በፊት በቃላት እንስማማ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በኒውተን የሚለካውን ኃይል፣ በጁል የሚለካውን ጉልበት፣ በዋት የሚለካውን ደግሞ አቅም እንላለን።

ብስክሌተኛውና ብስክሌቱ በአንድነት 85 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ ፍጥነታቸውም በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 5.6 ሜትር ያህል ነው እንበል። በደንብ በተደለደለ የጠጠር መንገድ ላይ የመንከባለል ሰበቃ መጠን 0.012 ያህል ነው ብለን ብንወስድ (በለስላሳ አስፋልት ላይ ከዚህ ግማሽ በታች ሊሆን ይችላል) መሬቱ ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል 10 ኒውተን ገደማ ይሆናል። የአየር ተቃውሞ ግን በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ የሚያድግ ነው። ለመካከለኛ ቁመት ሰው በዚህ ፍጥነት 7.4 ኒውተን ያህል ይደርሳል። ሁለቱን ደምረን በፍጥነቱ ስናባዛ 97 ዋት እናገኛለን። ይህን ያህል አቅም ጤናማ ሰው ለረጅም ሰዓት ሳይቸገር ሊያወጣው ይችላል።

አሁን ከፊት ለፊት በሴኮንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ እንጨምር። ይህ ማዕበል አይደለም፤ ቅጠልና ቀጭን ቅርንጫፍ የሚያንቀሳቅስ፣ በሰሜን ባሕር አካባቢ ሰው ልብ እንኳ የማይለው ነፋስ ነው። ብስክሌተኛው ግን አየሩን የሚገጥመው በ5.6 ሳይሆን በ10.6 ሜትር በሴኮንድ ነው። ተቃውሞው ወደ 27 ኒውተን ከፍ ይላል፤ ያንኑ ፍጥነት ለመጠበቅ የሚያስፈልገውም አቅም 205 ዋት ገደማ ይሆናል። ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ድሬንተ ዳገት የላትም የሚለው አነጋገር እንግዲህ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ዳገቷ በአየር ውስጥ ነው፤ አቅጣጫውንም በየሰዓቱ ይለዋውጣል።

ተማሪዎች በዚህ ቦታ ላይ አዘውትረው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። ስንሄድ ነፋሱ ከተቃወመን ስንመለስ ይገፋን የለምን? ሒሳቡስ አይቻቻልም? አይቻቻልም። ብስክሌተኛው አቅሙን በ100 ዋት ወስኖ 20 ኪሎ ሜትር ሄዶ 20 ኪሎ ሜትር ይመለስ እንበል። ነፋስ በሌለበት ቀን በሰዓት 20.4 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘ 118 ደቂቃ ይፈጅበታል። ከላይ የጠቀስነው ነፋስ ባለበት ቀን ግን ሲሄድ ፍጥነቱ ወደ 13፣ ሲመለስ ወደ 29 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሆናል። የሁለቱ ቁጥሮች ተራ አማካይ 21 ስለሆነ ያተረፈ ይመስላል። ጊዜውን ስናሰላ ግን መሄጃው 92፣ መመለሻው 41፣ በድምሩ 133 ደቂቃ ነው። በዝግታ የተጓዘበት ጊዜ ረጅም ስለሆነ ነፋሱ የወሰደውን በሙሉ አይመልስም። ይባስ ብሎ ከጎን በቀጥታ የሚነፍሰው ነፋስም ገለልተኛ አይደለም። የአየሩ አንጻራዊ ፍጥነት የሁለቱ ፍጥነቶች ቬክተራዊ ድምር በመሆኑ፣ ወደ ኋላ የሚጎትተው የተቃውሞ ክፍል በምሳሌያችን ከሲሶ በላይ ይጨምራል።

በቅንፍ ያህል፣ የአዲስ አበባ ብስክሌተኛ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። በከተማችን ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ስለሚያንስ የአየር ተቃውሞውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሳንባውም የሚያገኘው ኦክስጅን እንዲሁ የቀነሰ መሆኑን ግን መርሳት አይገባም።

ወደ መሬቱ እንመለስ። በብዙ ጋራዦችና በብዙ ብስክሌተኞች ዘንድ ሥር የሰደደ እምነት አለ፤ ጎማ ቀጭንና እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሲሆን ይፈጥናል የሚል ነው። በመስታወት ላይ የምንጓዝ ቢሆን ኖሮ እምነቱ ትክክል ነበር። ጎማ መሬት በነካ ቁጥር ተጨፍልቆ ይመለሳል፤ በዚህ መታጠፍና መዘርጋት ጥቂት ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ጠንካራ ጎማ ጥቂት ስለሚታጠፍ የሚያጠፋውም ጥቂት ነው።

በጠጠር መንገድ ላይ ግን ሌላ ኪሣራ ይመጣል። አንዱ ጎማ የጠቅላላውን ክብደት ግማሽ፣ ወደ 417 ኒውተን ያህል ይሸከማል እንበል። ያልታጠፈ ጎማ 5 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለውን ጠጠር ለመውጣት ይህን ክብደት በሙሉ ማንሣት አለበት፤ ይህም 2 ጁል ያህል ሥራ ነው። በሴኮንድ አሥር ጠጠር ቢያገኝ 20 ዋት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ከፊሉ ብስክሌቱ ሲወርድ ይመለሳል፤ የቀረው በተሳፋሪው ክንድ፣ ወገብና ጡንቻ ውስጥ በንዝረት መልክ ያልቃል። የጉዞው ማግሥት የሚሰማው የእጅ መደንዘዝ የዚህ ጉልበት ምስክር ነው። ለስለስ ያለ ጎማ ግን ጠጠሩን በሆዱ ይውጠዋል፤ ቸርኬውና ሰውየው በነበሩበት ከፍታ ይቀጥላሉ።

በአሸዋ ላይ ልዩነቱ የበለጠ ጎልቶ ይታያል። ጎማው ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ስፋት በግምት ክብደቱ ለአየሩ ግፊት ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ7 ባር የተነፋ ጎማ 6 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ላይ ሲቆም፣ በ2.5 ባር የተነፋው 17 ገደማ ላይ ያርፋል። የመጀመሪያው እንደ ቢላዋ አሸዋውን እየቆረጠ ይሰምጣል፤ አሸዋውን ወደ ጎንና ወደ ፊት ለመግፋት የወጣውም ጉልበት ፈጽሞ አይመለስም። ስለዚህ የጠጠር መንገድ ብስክሌቶች 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ጎማ በዝቅተኛ ግፊት ይጠቀማሉ። ሰፊ መሆኑ የግድ ነው፤ ቀጭኑን ጎማ አስተንፍሰን ብንነዳው ቸርኬው ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ይጎዳል። በእኔ አስተያየት በአገራችን ፒስታ መንገዶች ላይ ብስክሌት ለሚነዳ ተማሪ ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይልቅ ግፊትን በልኩ ማድረግ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ከመንገዱ ዳር የቆሙት ድንጋዮችስ? ግራኒትና መሰል የስካንዲኔቪያ ድንጋዮች ናቸው። ከ150,000 ዓመት ገደማ በፊት የበረዶ ግግር በመቶዎች ከሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ተሸክሞ አምጥቶ፣ ሲቀልጥ በአሸዋና በሸክላ አፈር መካከል ጥሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1660 ዮሐን ፒካርት የተባለ የሃይማኖት ሰው ሁነቤዶቹን የሠሩት ግዙፋን ፍጡራን ናቸው ብሎ ጽፎ ነበር። የሠሯቸው ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት 3400 ዓመት ገደማ ጀምሮ በአካባቢው የኖሩ ገበሬዎች ናቸው፤ የጊዛ ፒራሚዶች ገና አልታሰቡም ነበር። ዛሬ በኔዘርላንድስ 54 ሁነቤዶች ሲኖሩ 52ቱ የሚገኙት በድሬንተ ነው። እስከ ዛሬ መቆየታቸውም በአጋጣሚ አይደለም። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን እንጨት የሚበላ የባሕር ትል የጎርፍ መከላከያ ግድቦችን ምሰሶዎች ስለጨረሰ፣ ግድቦቹን በድንጋይ ለማጠናከር የድንጋይ ፍላጎት በረታ፤ የድሬንተ ባለሥልጣናትም በ1734 ሁነቤዶቹ እንዳይነኩ የሚከለክል ሕግ አወጡ።

ትልቁ ሁነቤድ በቦርገር መንደር የሚገኘው ሲሆን ርዝመቱ 22 ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። ከጣሪያ ድንጋዮቹ ከባዱ 20 ቶን ገደማ ይመዝናል። ይህን ድንጋይ በእንጨት መንሸራተቻ ላይ ለመጎተት የሰበቃው መጠን 0.3 ቢሆን 59,000 ኒውተን ያህል ያስፈልጋል። አንድ ሰው ሳያቋርጥ 300 ኒውተን ቢጎትት ሁለት መቶ ሰው ማሰለፍ ሊኖርብን ነው፤ ለትንሽ የገበሬዎች መንደር ብዙ ነው። በክብ ግንዶች ላይ ቢንከባለልና መጠኑ ወደ 0.05 ቢወርድ ግን ሠላሳ ሦስት ሰው ይበቃል። ተመራማሪዎች ከሚገምቷቸው ዘዴዎች አንዱም ይኸው ነው።

ግንዶቹ ብቻቸውን ግን በድሬንተ አሸዋ ላይ አይሠሩም ነበር። 20 ቶን የተጫነበት ግንድ እንደ ቀጭኑ ጎማ በአሸዋው ውስጥ ይሰምጣል፤ የሰመጠ ግንድ ደግሞ አይንከባለልም። መፍትሔው ከግንዶቹ ሥር ሳንቃ ወይም የተጠረቡ እንጨቶች ማንጠፍ፣ አለዚያም መሬቱ በክረምት ውርጭ እስኪጠነክር ድረስ መጠበቅ ነው። ሳንቃው ክብደቱን በሰፊ ቦታ ላይ ያከፋፍለዋል፤ የጠጠር መንገድ ብስክሌት ሰፊ ጎማም በዚያው አሸዋ ላይ የሚሠራው ይህንኑ ነው።