ከሶዶ ወጥታችሁ ከቦሌ ልትበሩ ነው? ሆቴልና መኪናውን በራስ ወይስ በኤጀንት?

ሶዶ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ከበረራ በፊት አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ማደሩ ይሻላል።

👉 በራስ፦ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ሆቴሉን ደውላችሁ ትይዛላችሁ፣ ቦሌ በራይድ ወይም በፈረስ ትደርሳላችሁ። ግን መንገድ ላይ ብትዘገዩ አውሮፕላኑ አይጠብቅም፤ ኪሳራው የናንተው ነው።

👉 በኤጀንት፦ ድካም ይቀንሳል፣ ዋጋ ይጨምራል። "ብዘገይ ማን ይከፍላል?" ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

👉 ሦስተኛ አማራጭ፦ ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ያለውን በረራ ከውጭው ጋር በአንድ ትኬት መቁረጥ። የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ፣ በሌላ በረራ የሚያሳፍራችሁ አየር መንገዱ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ከቆረጣችሁ ግን ይሄ ዋስትና የለም።

እኛ የምንለው፦ በመኪና ከሆነ በዋዜማው ጠዋት ከሶዶ ውጡ። ሆቴሉንም ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚቻለውን ምረጡ።

ለሚበር ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።