ከአሻንቲ መንደር እስከ ለንደን፦ ውፍረት ሴትና ወንድን ለምን ይለያል?

በጋና የአሻንቲ ገጠር ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ወንዶች 1.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ለንደን ከሚኖሩት ጋናውያን ወንዶች ግን 21.4 በመቶው ወፍረዋል። በሴቶቹ ዘንድ ደግሞ ገጠር 8.3 በመቶ የነበረው ለንደን ላይ 54.4 በመቶ ይደርሳል። እነዚህን አኃዞች ያገኘነው በአምስተርዳም በፕሮፌሰር ቻርልስ አጂማንግ ከተመራው ሮዳም ከተባለው ጥናት ነው። ጥናቱ ከ5,600 በላይ ጋናውያንን በገጠር፣ በጋና ከተሞች፣ በአምስተርዳም፣ በበርሊንና በለንደን መዝኖ፣ ለክቶና ደም መርምሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳተመ።

የሮዳም ትልቁ ብልሃት አነጻጻሪውን መምረጡ ላይ ነው። ስለ ዘርና ውፍረት የሚደረጉ ብዙ ጥናቶች ጥቁርን ከነጭ፣ እስያዊን ከአውሮፓዊ ያነጻጽራሉ፤ ልዩነት ሲገኝ ታዲያ «ደማቸው ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። እዚህ ግን ሕዝቡ አንድ ነው፤ የተለወጠው የሚኖርበት ስፍራ ነው። አያት ቅድመ አያቱ ያው የሆነ ሰው እርሻውን ትቶ ቀኑን ተቀምጦ ሲሠራ፣ ማታ ደግሞ በዘይትና በስኳር የተሞላ ርካሽ ምግብ ሲጠብቀው ሰውነቱ ይለወጣል።

ሴቶቹ ግን ለምን በለጡ? ከፊሉ መልስ ተፈጥሮ ነው። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስብን በዳሌና በጭን፣ ከቆዳ ሥር እንዲከማች ያደርጋል፤ ክብደታቸውም ቁመታቸውም እኩል ከሆኑ ወንድና ሴት መካከል ብዙ ስብ የሚኖራት ሴቷ ናት። ተፈጥሮ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ግን ልዩነቱ በየሕዝቡ አንድ ዓይነት በሆነ ነበር። አልሆነም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በተደረገው ብሔራዊ ልኬት ከጥቁር ሴቶች 56.9 በመቶ፣ ከጥቁር ወንዶች 41.1 በመቶ ከመጠን በላይ ወፍረው ተገኝተዋል፤ በነጮቹ ዘንድ ወንዶቹ 44.7፣ ሴቶቹ 39.8 በመቶ ሆነው ነገሩ ተገልብጧል። ሆርሞኑ ያው ሆኖ ውጤቱ ከተገለበጠ፣ ምክንያቱ ከሰውነት ውጭም መፈለግ አለበት፦ በገቢ፣ በሥራ ዓይነት፣ በሰፈሩ፣ ማኅበረሰቡ ለሴት ልጅ በሚመኝላት ቁመና። በደቡብ አፍሪካ መክሳት የኤችአይቪ ምልክት ተደርጎ ይታይ ስለነበር ብዙ ሴቶች መቅጠንን ይፈሩት ነበር። እኛም ዘንድ ቢሆን የወፈረችውን «አማረብሽ»፣ የቀጠነችውን «ምነው፣ ታመምሽ እንዴ?» ማለት የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመደበኛው ክብደት ያለፉት ሴቶች 8 በመቶ፣ ወንዶች 3 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ገና ትንሽ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ግን ከወዲሁ ይታያል።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ። እኩል ውፍረት እኩል ጉዳት አያመጣም። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መለኪያ፣ ቢኤምአይ፣ ክብደትን በኪሎ ወስዶ ለቁመት በሜትር ካሬ ያካፍላል፤ 30 ሲደርስ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። መለኪያው ስቡ የት እንደተቀመጠ አያውቅም። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ብዙም አይጎዳም፤ ሆድ ዕቃንና ጉበትን የከበበው ግን የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን በአግባቡ እንዳይሠራ ያደርጋል። ወንዶች የሚያጠራቅሙት ይበልጡን ይህንኛውን ነው፤ ሴቶችም ካረጡ በኋላ ወደዚያው ያዘነብላሉ። በስኮትላንድ የስኳር በሽታ ታማሚዎች ሲጠኑ ወንዶቹ በሽታው ሲታወቅባቸው አማካይ ቢኤምአያቸው 31.8፣ የሴቶቹ 33.7 ነበር።

በዘርም ረገድ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሕንዳዊው ሐኪም ያጅኒክና እንግሊዛዊው ባልደረባው ዩድኪን ራሳቸውን መርምረው ነበር። የሁለቱም ቢኤምአይ 22.3 ነው፤ የእንግሊዛዊው ሰውነት 9.1 በመቶ፣ የሕንዳዊው 21.2 በመቶ ስብ ሆኖ ተገኘ። በእንግሊዝ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መረጃ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ ነጮች በ30 የሚደርሱበትን የስኳር በሽታ አደጋ ደቡብ እስያውያን በ23.9፣ ጥቁሮች በ28.1 እንደሚደርሱበት አሳየ።

ይህ ነገር እኛን በቀጥታ ይነካናል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ቀጫጭኖች ነበሩ፤ የስኳር በሽታም ብርቅ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታው በመካከላቸው በረታ፤ ከታመሙት ብዙዎቹ ግን በቢኤምአይ ሲለኩ ወፍራም የሚባሉ አልነበሩም። ስለዚህ ሚዛን ላይ ወጥቶ «ደህና ነኝ» ማለት አይበቃም። የብሪታንያ የጤና መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ እንዳይበልጥ ይመክራል። ቁመቷ 160 ሴንቲሜትር የሆነች ሴት ወገቧ ከ80 ሴንቲሜትር በታች ቢሆንላት ይመረጣል፤ ይህን ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ብቻ ይበቃል።