ጥያቄ ነው ወይስ ፍርድ?

“የት አምሽተህ ነው?” “ይሄ ነው ውጤት?” “እንደ እህትህ መሆን ለምን ያቅትሃል?” በጀሞም ይሁን በላፍቶ፣ በለቡም ይሁን በመካኒሳ ልጆቻችን እንዲህ ያለ ጥያቄ በየዕለቱ ይሰማሉ። ጥያቄው በበዛ ቁጥር ግን መልሱ እያጠረ ይሄድና በመጨረሻ “ምንም” በምትል አንዲት ቃል ይዘጋል። እናት “ልጄ አላጫውት አለኝ” ትላለች፤ ልጁ ደግሞ “ማን ጠየቀኝ?” ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር ሲሟገቱ “ተጠየቅ!” ይባባሉ ነበር። በዚያ ሙግት ጥያቄ የሚቀርበው ባላጋራን መውጫ ለማሳጣት ነው። ለችሎት ያማረ ጥበብ ነው። ወደ ራት ገበታ ሲመጣ ግን ልጅን ተከሳሽ፣ ወላጅን ከሳሽም ዳኛም ያደርጋል። ተከሳሽ ደግሞ ራሱን ይከላከላል እንጂ ልቡን አይከፍትም።

ፊልጶስ እንዴት ጠየቀ?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የምናውቀው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ ላይ የተሾመ ትልቅ ሰው ነበር። ፊልጶስ ስብከቱን አላስቀደመም። ወደ ሠረገላው ሮጦ ቀረበ፤ ሰውየው ኢሳይያስን ሲያነብ ሰማ፤ ከዚያ በኋላ የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ጠየቀው። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል፦ መቅረብ፣ መስማት፣ መጠየቅ።

ከዚያስ? ጃንደረባው ራሱ ጠያቂ ሆነ። ያለ መሪ እንዴት ሊረዳ እንደሚችል፣ ነቢዩ የተናገረው ስለ ማን እንደሆነ፣ ከመጠመቅ የሚከለክለው ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ፊልጶስ አንድ ጠየቀ፤ ጃንደረባው ሦስት። በመጨረሻ ፊልጶስ ከዓይኑ ቢሰወርም ሰውየው ደስ እያለው መንገዱን ቀጠለ። የመልካም መሪ ፍሬው ይኸው ነው፦ መሪው በሌለበትም የሚራመድ ሰው።

ከሳሎን የተገኘ ትምህርት

የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1982 በደርግ መንግሥት ስትዘጋ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። አማኞቹ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ተሰባሰቡ። በ1991 የእምነት ነፃነት ሲመለስ ቁጥራቸው 34,000 ገደማ ደርሶ ነበር። ያሳደገው እግዚአብሔር ነው። እኛ ግን ከዚያ ሳሎን የምንማረው አለ፦ ጥቂት ሰዎች በተቀመጡበት ቤት ዝም ያለ ሰው ይታያል፤ ያልገባውም ለመጠየቅ አያፍርም። ዛሬ የቤት ኅብረት የምንመራ ሰዎች አንድ ሰዓት ሙሉ ብቻችንን ካወራን ሳሎኑን መድረክ አደረግነው ማለት ነው።

በቤታችን እንጀምር

* ከመጠየቃችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፦ ለማወቅ ነው ወይስ ለመርታት? ተቆጥተን ከሆነ ጥያቄው እስኪበርድልን ይቆይ።
* “ለምን ወደቅህ?” ሰበብ ያስፈልጋል፤ “የቱ ጋ ከበደህ?” ግን ሐሳብ ያወጣል።
* ጠይቀን ዝም እንበል። ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ በትዕግሥት የምንቀመጥ ሰዎች፣ ለልጃችን መልስ አንዲት ደቂቃ አንንፈገው።
* የነገረንን ለአክስትና ለጎረቤት አናውራበት። ምሥጢሩ የወጣበት ልጅ ሁለተኛ አይናገርም።

“እንዲህ ከጠየቅሁ ሥልጣኔ አይቀንስም ወይ?” የምትሉ ትኖራላችሁ። ጌታችን በአሥራ ሁለት ዓመቱ በመቅደስ የተገኘው በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ ነበር (ሉቃስ 2፥46)። አድጎም ሲያስተምር መጠየቅን አልተወም። መምራትና መምከርም፣ መገሠጽም ጊዜ አላቸው። ነገር ግን የተሰማ ልጅ ተግሣጽን ለመስማት ይቀርበዋል።

“ምንም” የምትለው ቃል በአንድ ምሽት አልመጣችም፤ በአንድ ምሽትም አትሄድም። ዛሬ ግን አንዲት ፍርድ የሌለባት ጥያቄ ጠይቀን መልሷን እስከ መጨረሻው እንስማ። ጌታ የሚሰማ ጆሮ ይስጠን።