ከአያት ሣጥን የወጣው ብር፦ የኢትዮጵያ የብር ሳንቲሞች ስብስብ ዳሰሳ

ቦሌ ቡልቡላ ውስጥ የድሮ ብር ሳንቲም የሚሸጥ ሱቅ ፍለጋ መንከራተት ብዙም አያዋጣም፤ ሳንቲሙ ያለው በየሰዉ ቤት ነው። ሰፈሩ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣና ከውጭ የተመለሰ ቤተሰብ የተሰባሰበበት ነውና፣ ከእናት የተወረሰ ማርትሬዛ፣ ቀዳዳ ያለው አላድ (ግማሽ ብር) ወይም የጃንሆይ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሽልንግ ከብዙ ሣጥን ሥር ይገኛል። ሰብሳቢዎች ከፍተኛ ደረጃ የሚሰጡት ግን ከእነዚህ ለጥቂቱ ብቻ ነው። ምክንያቱ ሕዝቡ ብርን አጥብቆ መውደዱ ነው። ብር በአገራችን ቀልጦ የአንገት መስቀልና አምባር የሚሆን፣ ተበስቶ በአንገት የሚታሠር፣ በዓል ሲመጣ የሚወለወል ሀብት ነበር። ሳይነካ የተረፈው ትንሽ የሆነው ለዚህ ነው።

ስብስቡ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከማርትሬዛ፣ ማለትም ከጠገራ ብር ነው። ክብደቱ 28.07 ግራም ሲሆን ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው፤ ንጹሕ ብሩ ወደ 23.4 ግራም ይደርሳል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ሳንቲሟ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን ድረስ ሲመታ ኖረ። ስለዚህ «1780» የሚለውን ብቻ አይቶ የሁለት መቶ ዓመት ቅርስ አገኘሁ ማለት አይቻልም። ጣልያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብላ ሮም ላይ መምታት ጀመረች። ሌሎች ነጋዴዎች ሳንቲሙን ከኦስትሪያ የሚያገኙበት መንገድ ስለተዘጋባቸው ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስም በየፊናቸው መቱ። ዛሬ በቤታችን የሚያብረቀርቀው ጠገራ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። የትና መቼ እንደተመታ የሚታወቀው በጥቃቅኑ ነገር ነው፤ በንስሩ ጅራት ላባ፣ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ፣ በፊደሎቹና በነጥቦቹ አቀማመጥ። የድሮ ገበያተኞቻችን ይህን ጥበብ ከማንም ቀድመው ያውቁ ነበር። የጌጡን ዕንቁ በዓይናቸው ይመረምራሉ፤ የደበዘዘውን አንቀበልም ብለው ይመልሳሉ። እኔ እንደማምነው በዚህ አገር የሳንቲምን ደረጃ በጥንቃቄ መለየት የተጀመረው በእነሱ ነው።

ለኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ የልብ ማረፊያው ግን የዳግማዊ ምኒልክ ብር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በራሳቸው ስም ገንዘብ እንዲወጣ የወሰኑት እ.ኤ.አ. በ1893 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች ፓሪስ ላይ ተመቱ። ብሩ ሆን ተብሎ ከማርትሬዛ ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ 28.075 ግራም ሆነ፤ ጥራቱም 835 ነው። ከሥሩ አላድ፣ ሩብ፣ ተሙንና ግርሽ የተባሉ ክፋዮቹ ነበሩ። በአንድ ፊት ዘውድ የደፉት ምኒልክ፣ በሌላው ባንዲራ የያዘ አንበሳ አለ። አንድ ልዩነት ሁሉም ሰብሳቢ ልብ ሊለው ይገባል፤ በአንዳንዱ ብር ላይ አንበሳው ያነሣው የግራ እግሩን ነው፣ በሌላው ላይ ደግሞ የቀኙን። ሕዝቡ መጀመሪያ አዲሱን ብር ተጠራጠረው፤ በተለይ ከከተማ ራቅ ሲባል ማርትሬዛ ካልሆነ የሚል ሻጭ በረታ። ቀልጦ ጌጥ የሆነውም ብዙ ነው። የአንበሳው ጋማ ፀጉር ከፀጉር ተለይቶ የሚታይበት፣ የዘውዱ ጌጥ ያልጠፋበት የምኒልክ ብር በእጅ ሲያዝ የሚያሳድረው ስሜት ትልቅ ነው፤ ያን ያህል ጥርት ያለው የሚገኘው በጣም አልፎ አልፎ ነው።

ጣልያኖችም በኤርትራ በኡምቤርቶ ቀዳማዊ መልክ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1918 ማርትሬዛን በሚመስል ሴት ምስል የራሳቸውን ታለር ሞክረዋል። ገበያው ሁለቱንም አልተቀበላቸውም።

ጣልያን ድል ከተነሣ በኋላ የመጣው ሽልንግ፣ ማለትም 50 ሳንቲሙ፣ በርካሽ ለሚጀምር ሰው ጥሩ መነሻ ነው። ክብደቱ 7.03 ግራም ነው። አሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ ለኢትዮጵያ ያበደረችው ወደ 5.4 ሚሊዮን አውንስ ብር ለዚሁ ሳንቲም ዋለ፤ 30 ሚሊዮን ያህል ተመታ። በኋላ በ1947 እ.ኤ.አ. የተጨመረው ግን የብር ጥራቱ ከ800 ወደ 700 ወርዷል። ሁለቱም ላይ የተጻፈው 1936 ዓ.ም. ስለሆነ በዓመቱ አይለዩም። ብዛቱ አያታልል፤ አብዛኛው በገበያ ፊቱ የተላጨ ነው፣ የጃንሆይ ፀጉርና ጢም ጥርት ብሎ የሚታይበት ከመቶ አንዱም አይገኝ ይሆናል። የ1964 ዓ.ም. የነገሥታት መታሰቢያ ብሮች፣ የ1970 ዓ.ም. የጭላትና የደጋ አጋዘን ብሮች ለሰብሳቢ ታስበው የወጡ ስለሆኑ በጥሩ ሁኔታ ይገኛሉ። ቆንጆ ናቸው፤ ገበያ ግን አላዩም።

ደረጃ የሚሰጠው በምን ነው? ዓለም የሚጠቀመው ዊልያም ሼልደን እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣውን ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ ነው፤ 60ና ከዚያ በላይ ያለው ከመምቻው ወጥቶ ገበያ ያልነካው ነው። ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የተባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች መርምረው በታሸገ ፕላስቲክ ይመልሱታል። የተበሳ፣ የተጠረበ ወይም የተወለወለ ሳንቲም ግን ቁጥር አያገኝም። በእኛ ቤት ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ለእንግዳ ለማሳየት በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና ይታሻል። ጥቁሩ ንብርብር የድኝ ውጤት ነው፤ ሲፋቅ የላይኛው ብር አብሮት ይሄዳል፣ የመምቻው የመጀመሪያ አንጸባራቂ ገጽም ዳግም አይመለስም። ሳንቲም ሁልጊዜ በጠርዙ ይያዛል፤ በተለመደው ለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢት ሳይሆን በወረቀት ወይም ለዚሁ በተሠራ መያዣ ይቀመጣል።

ሐሰተኛውን ለመለየት ማግኔት ይረዳል፣ ግን አይበቃም። ትክክለኛ ጠገራ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲመዘን ከክብደቱ 2.75 ግራም ያህል ይቀንሳል፤ ከዚህ ብዙ የራቀ ሌላ ብረት ነው። የወርቅ ቤት ሚዛን ላለው ይህ የደቂቃ ሥራ ነው።

የተበሳውን አላድ ግን ጣሉት አልልም። የውጭ ጨረታ ዋጋውን ቢያወርድም፣ በሐረርጌም ሆነ በሰሜን ሴቶች በአንገታቸው ያደረጉት ብር የራሱ ታሪክ አለው። ከማን እንደተወረሰ፣ የት እንደተገዛ ከሣጥኑ ጋር ጽፎ ማስቀመጥ ደረጃው ላይ አንድም ነጥብ ባይጨምር፣ ነገ ለሚያጠናው ሰው ከሳንቲሙ እኩል ይጠቅመዋል።

የአክሱም ብር ከዚህ ሁሉ የተለየ ጉዳይ ነው። ከሦስተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የተመቱት ትናንሽ የብር ሳንቲሞች አንዳንዶቹ በመሐላቸው የወርቅ ቅብ አላቸው፤ በዘመኑ ዓለም ይህን የሚሠራ ሌላ መንግሥት እምብዛም አልነበረም። ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሞቹ ላይ የነበሩት ጨረቃና ክብ ጠፍተው መስቀል መጣ። እነዚህ የግለሰብ መሰብሰቢያ መሆን አይገባቸውም። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በእርሻም ሆነ በቁፋሮ ድንገት የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል መነገር አለበት፤ ቅርስንም ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ቡልቡላ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የአያትን ሳንቲም ለማስታወሻ መክተት የተለመደ ነው። ከመክተት በፊት ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ሄዶ ማስመርመር፣ ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑንም ማረጋገጥ ይገባል።

ዓይኑን ማሠልጠን ለሚፈልግ ሰው፣ አንድም ሳንቲም ከመግዛቱ በፊት ብሔራዊ ሙዚየምንና በገነተ ልዑል ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ማየት ይጠቅመዋል። ቀጥሎ በቤቱ ያለውን ጠገራ አውጥቶ፣ ሳያሽ፣ በአጉሊ መነጽር የትከሻዋን ጌጥ መቁጠር ይጀምር።