ከበቆሎው ጎን ምን እናቅርብ?

በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙና በያዮ በብዙ ቤተሰብ ማዕድ ላይ በቆሎ አይጠፋም። ቂጣው፣ ገንፎው፣ ንፍሮው ከእርሱ ነው። ጎደሬም አብሮት ይቀርባል። ልጆቻችን ይህን በልተው ይጠግባሉ። ይሁን እንጂ ሆድ መሙላትና ሰውነት መገንባት አንድ ነውን? መልሱን ለማግኘት ፕሮቲን ምን እንደሆነ እንመልከት።

ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከተባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። እነዚህ ክፍሎች እንደ ሙሰበሃ ፍሬዎች ተራ በተራ ተያይዘው ሰንሰለት ይሆናሉ። ዓይነታቸው 20 ነው። ሰንሰለቱ ከዚያ ተጣጥፎ የራሱን ቅርጽ ይይዛል፤ ሥራውም በቅርጹ ይወሰናል። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በአራት ሰንሰለቶች 574 አሚኖ አሲዶች አሉት። ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን ግን 51 ብቻ ነው።

ጸጉርና ጥፍር፣ ቆዳና ጡንቻ ሁሉ የፕሮቲን ሥራ ይገኝባቸዋል። በሽታን የሚዋጉት ፀረ እንግዳ አካላትም ፕሮቲን ናቸው። ቂጣ ደጋግመን ስናኝክ ወደ ጣፋጭነት የሚያደላው በምራቃችን ያለው ፕሮቲን ስታርቹን ወደ ስኳር ስለሚሰባብረው ነው።

ከ20ዎቹ ውስጥ 9ኙን ሰውነታችን መሥራት ስለማይችል የግድ ከምግብ ማግኘት አለበት። የበቆሎ ጉድለት እዚህ ላይ ነው፤ ከ9ኙ መካከል ላይሲንና ትሪፕቶፋን ያንሱታል። አንዱ ሲጎድል፣ ማገር እንዳለቀበት ቤት፣ ሌላው ቢትረፈረፍም ግንባታው ይስተጓጎላል። ይህን ለማሻሻል በሜክሲኮ የደከሙት ተመራማሪዎች ኤቫንጀሊና ቪዬጋስና ሱሪንደር ቫሳል በ2000 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። በአገራችንም በባኮ የምርምር ማዕከል በኩል ፕሮቲኑ የተሻሻለ የበቆሎ ዘር ለገበሬው ቀርቧል።

እስከዚያው ግን መፍትሔው ከጓዳችን አይርቅም። ባቄላ፣ አተር፣ አደንጓሬና አኩሪ አተር በቆሎ የሚያንሰው ላይሲን በብዛት አላቸው፤ እነርሱ የሚያንሳቸውን ደግሞ በቆሎው ይሞላል። ስለዚህ ቂጣን በሽሮ፣ ንፍሮንም ከአደንጓሬ ቀላቅሎ መብላት ብልህነት ነው። ለሕፃን ገንፎ የባቄላ ዱቄት ይጨመርበት። በረመዳን ማፍጠሪያም የምስር ወይም የባቄላ ሾርባ አይቅር።

እኛ መምህራን አንድ ነገር ያሳዝነናል። ዶሮ ያረባ ቤተሰብ እንቁላሉን ሁሉ ገበያ አውጥቶ ሳሙናና ጨው ይገዛበታል፤ ልጁ ግን ደረቅ ቂጣ በልቶ ትምህርት ቤት ይመጣል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ምርጥ ፕሮቲን አለው። ከአሥሩ ሁለቱ እንኳ ለልጆች ቢቀሩ ምን አለ? ወጥ ሲቀርብም ለእንግዳውና ለአባት ሥጋው፣ ለሕፃኑ መረቁ የሚለው ልማድ ይታሰብበት። በጣም የሚያስፈልገው በማደግ ላይ ላለው ነው።

የሕፃኑ እግርና ፊት ቢያብጥ፣ ጸጉሩ ቢሳሳና ቢገረጣ፣ ዝም ቢልና ምግብ ቢጠላ የከባድ ምግብ እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል። መንስኤው የፕሮቲን እጥረት ብቻ ባለመሆኑ በቤት ውስጥ በእንቁላልና በወተት እናክመው ሳይባል ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

ውድ ወላጆች! ልጆች በእጃችን ያሉ አማና ናቸው። ዛሬ ማታ ገንፎው ሲወጣ ከጎኑ ምን እንዳለ እንይ።