ወንበሩ ለምን ሲጥ ሲጥ ይላል?

እስቲ የተቀመጣችሁበትን ወንበር ወዝወዝ አድርጉት። ሲጥ ሲጥ አለ? ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ መጋጠሚያው ላይ ነው።

እንጨት ሲያዩት አንድ ወጥ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እንደታሰረ ሸምበቆ ነው፤ ቀጫጭን ቱቦዎች በአንድ አቅጣጫ ተደርድረውበታል። ሁለት ጣውላ ጎን ለጎን በኮላ አጣብቃችሁ ከደረቀ በኋላ ልትገነጥሉት ብትታገሉ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰነጠቀው እንጨቱ ራሱ ነው። የተቆረጠ ጫፍ ስታጣብቁ ግን የቱቦዎቹ አፍ ኮላውን ይመጠዋል፤ መጋጠሚያው መያዣ ያጣል። በጫፍ በኩል የተመታ ሚስማርም ቶሎ ይላላል።

የአናጢ ብልሃት እንግዲህ ጎን ከጎን የሚገናኝበትን ቦታ ማብዛት ነው። ቀላሉ ዘዴ ሁለቱንም እንጨት እስከ ውፍረታቸው እኩሌታ ጎድጉዶ ማነባበር ነው። ጠንካራው ደግሞ ምላስና ቀዳዳ ነው፦ የአንዱን ጫፍ በመጋዝ አቅጥኖ ምላስ ማውጣት፣ ሌላውን በልኩ በመሮ መብሳት። ምላሱ የውፍረቱ ሲሶ ቢሆን ይመረጣል፤ እንጨቱ 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ምላሱ 1። ሲወፍር የቀዳዳው ግድግዳ ይሳሳል፣ ሲቀጥን ምላሱ ይሰበራል። ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት የተሠራው የግብፁ ፈርዖን የኩፉ ጀልባ ሳንቃዎች የተያያዙት በምላስና በገመድ ነው።

አሁን ደግሞ በእጅ የተሠራ የድሮ መሳቢያ ሳቡና ጥጉን እዩት። የጎኑ ጣውላ ጫፍ ላይ እየሰፉ የሚሄዱ ጥርሶች አሉ፤ እንደ እርግብ ጭራ። መሳቢያ ሁልጊዜ የሚጎተተው ወደ ፊት ነው፤ የጭራው ሰፊ ጫፍ ደግሞ በጠባቡ በኩል አያልፍም። ስለዚህ ኮላው ቢለቅ እንኳ የመሳቢያው ፊት ተነቅሎ እጃችሁ ላይ አይቀርም።

እኛም አገር የሚያስደንቅ አለ። በደብረ ዳሞ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውስጥ በርዝመቱ የተጋደሙትን እንጨቶች አጫጭር ግንዶች አቋርጠው፣ ተጎድጉደው ጠልፈው ይይዟቸዋል። ወደ ውጭ ብቅ ያሉት ክብ ጫፎች የዝንጀሮ ራስ ይባላሉ። ወደ አክሱም ሄዳችሁ ታላላቆቹን ሐውልቶች ስታዩ እነዚያኑ ክብ ጫፎች በረድፍ ተቀርጸው ታገኟቸዋላችሁ። ሐውልቱ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው፤ የሚጋጠም ነገር የለውም። ጠራቢው ግን የአናጢውን መጋጠሚያ አልተወውም።