የሌሊት ካሜራችሁ ሩቅ እንዲያይ ትልቅ መብራት ከመግዛታችሁ በፊት

ቤተሰብ፣ የግቢያችሁ ካሜራ ቀን ላይ በሩ ጋ የቆመውን ሰው አጥርቶ ያሳያል፤ ሲመሽ ግን ጥላ ብቻ? ችግሩ ብዙ ጊዜ ከካሜራው ሳይሆን ከመብራቱ ነው። ለምን እንደሆነ በአጭሩ እናስረዳችሁ።

ካሜራው በጨለማ የሚያየው ዓይናችን በማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሰውየው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። በኃይል ብቻ እንወጣዋለን ካልን 4 እጥፍ ያስፈልገናል።

ርካሹ መንገድ ብርሃኑን መሰብሰብ ነው። የ60 ዲግሪ ጨረር በሌንስ ወደ 30 ሲጠብ፣ በዚያው ኃይል መሃሉ 4 እጥፍ ገደማ ይደምቃል። ግራና ቀኙ ግን ይጨልማል።

ስትገዙ ቁጥሩን እዩ፦ 850 ናኖሜትር የሆነው ራቅ ይላል፤ ግን ደብዛዛ ቀይ ነጥብ ይታይበታል። 940 የሆነው አይታይም፤ ርቀቱ ግን ያንሳል። መብራቱን ከካሜራው ለየት አድርጋችሁ ስቀሉት፤ አለዚያ ሌንሱ ፊት የሚበር አቧራና ነፍሳት አብርቶ ምስሉን ያበላሸዋል።

አደራ፦ ኃይለኛ የኢንፍራሬድ መብራት ቀርባችሁ አትመልከቱ፣ ልጆች በሚደርሱበትም አትስቀሉ። ብርሃኑ ስለማይታይ ዓይናችን ራሱን ለመከላከል አይጨፈንም።

ካሜራ ሊያስገጥም ላሰበ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።